ፀረ-ባክቴሪያ ስንነክረው ቻርጁ ለምን ይሞታል? (ሜልትብሎውን ማጣሪያ፣ ኮምቦልቻ)

ቦርከና ዳር፦

ሰላም ጀማዓ፣ እንዴት ናችሁ። ያልተሸመነ ጨርቅና የአየር ማጣሪያ የምታውቁ ካላችሁ ሁለት ነገር ላይ እጃችሁን አሳርፉልን።

የምንሠራው ለጤና ጣቢያ ተራ መጠበቂያ ክፍል የሚሆን፣ በማራገቢያ አየር ስቦ የሚያጣራ ሣጥን ነው። መሃሉ የፖሊፕሮፒሊን (የፕላስቲክ ዓይነት) ሜልትብሎውን ነው፣ ማለትም ቅላጩ በሞቃት አየር ተነፍቶ የተሠራ ረቂቅ ፋይበር ያለው ያልተሸመነ ጨርቅ፤ ክብደቱ በካሬ ሜትር 25 ግራም፣ ፋይበሩ ከ2 እስከ 4 ማይክሮን። ጥቅልሉ ሲገዛ ብናኝ እንዲስብ በኤሌክትሪክ ቻርጅ የተደረገ ነበር። በጨው ብናኝ፣ 100 ካሬ ሳንቲ ሜትር ናሙና ላይ በደቂቃ 32 ሊትር አየር አሳልፈን ስንለካው 95 በመቶ ይይዛል፤ የግፊት ልዩነቱ 30 ፓስካል ነው።

ባክቴሪያ ማጣሪያው ላይ እንዳይራባ ብለን 0.5 በመቶ ኪቶሳን (ፀረ-ባክቴሪያው ነው) በ1 በመቶ አሴቲክ አሲድ አሟሟን፤ ፖሊፕሮፒሊን ውሃ ስለማይቀበል በሊትር 2 ግራም ማርጠቢያ ጨመርን። ጨርቁን ነክረን በሮለር ጨመቅነው፤ የያዘው ፈሳሽ የክብደቱ 80 በመቶ ነው። በ80 ዲግሪ 5 ደቂቃ አደረቅነው፣ በ130 ዲግሪ 3 ደቂቃ አጠነከርነው። ከዚያ ስንለካው የሚይዘው 41 በመቶ ሆነ፤ ግፊቱ 32 ፓስካል።

በራሳችን ኮሮና (በከፍተኛ ቮልት ከመርፌ ጫፍ አየሩን ቻርጅ በሚያደርግ መሣሪያ) መልሰን ቻርጅ ለማድረግ ሞከርን። መርፌዎቹ ከሳህኑ 4 ሳንቲ ሜትር ይርቃሉ፣ ፖዘቲቭ 25 ኪሎ ቮልት፤ ከጽሑፍ የወሰድነው ልክ ነው። እሳት እየዘለለ ጨርቁን ይበሳዋል። ያልተበሳው ናሙና 60 በመቶ ደርሶ ነበር፤ ከሦስት ቀን ዝናብ በኋላ 48 ሆነ።

ሁለቱ አንድ ጨርቅ ላይ አብረው መኖር ይችላሉ ወይ? የሚችሉ ከሆነ የትኛው ይቅደም?

ጦሳ ሥር፦

አብሽር ወንድሜ፣ ጨርቁ አልተበላሸም፤ የሄደው ቻርጁ ነው። ራስህ የሰጠኸው ቁጥር ይናገራል። ፋይበሩ ቀልጦ ወይም ተጣብቆ ቢሆን ኖሮ የግፊት ልዩነቱ ይዘል ነበር፤ ተቀዶ ቢሆን ደግሞ ይወርድ ነበር። ከ30 ወደ 32 ማለት አየሩ በዚያው መንገድ እያለፈ ነው ማለት ነው። የጠፋው ብናኙን ከመንገዱ አውጥቶ ወደ ፋይበሩ የሚስበው ኃይል ብቻ ነው።

ሁለቱን ልኬት በአንድ ቁጥር ማየት ከፈለግህ፣ ያመለጠውን ድርሻ ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም ውሰድ፣ ምልክቱን ገልብጥና ለግፊት ልዩነቱ አካፍለው። ከመንከርህ በፊት 5 በመቶ ነበር የሚያመልጠው፤ 3.0 ለ30 ሲካፈል 0.10 ነው። አሁን 59 በመቶ ያመልጣል፤ 0.53 ለ32 ሲካፈል 0.0165። ስድስት እጥፍ ወርደሃል። ናሙና ስታወዳድር ሁልጊዜ ይህንን ቁጥር ተጠቀም፤ ጨርቅ ደራርቦ 99 በመቶ ማግኘት ቀላል ነው፣ ማራገቢያው ግን አይስበውም።

አሁን ማን ገደለው? እኔ በመጀመሪያ የምጠረጥረው ኪቶሳኑን ሳይሆን ማርጠቢያውን ነው። ፖሊፕሮፒሊን ቻርጅ የሚይዘው ውሃ ስለማይወድ ነው፤ ሁለቱ አንድ ጠባይ ናቸው። የማርጠቢያ ሥራ ያንን ጠባይ ማጥፋት ነው፣ ደግሞም አይተንም። በሊትር 2 ግራም ሆኖ 80 በመቶ ፈሳሽ ከያዘ በኪሎ ጨርቅ 1.6 ግራም ይቀራል። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ፋይበሩ ላይ ስስ ሽፋን ሆኖ ይዘረጋል፣ ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ቻርጁም በዚያ ላይ ይፈስሳል። ኪቶሳኑም ቢሆን እርጥበት ወዳድ ነው፤ የአሲዱ ጨው ከቀረበት ደግሞ ይብሳል።

ሦስተኛው ሙቀቱ ነው። ፖሊፕሮፒሊን 165 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፣ ስለዚህ 130 ለቅርጹ አያሰጋም። ለቻርጁ ግን ያሰጋል፤ ውስጥ የተያዘው ቻርጅ ሙቀት ሲያገኝ ከተያዘበት ቦታ እየተላቀቀ ይሄዳል። 70 ዲግሪ ደረቅ ሙቀት ይችላል። ከዚያ በላይ በወጣህ ቁጥር ኪሳራው ይጨምራል።

ይህን ሁሉ ከመቀበልህ በፊት አንድ ማነጻጸሪያ ሥራ። ያልተነከረውን ጨርቅ ቆርጠህ ንጹሕ አይሶፕሮፓኖል፣ 99 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ንከረው፤ ነፋስ በሚያገኝ ቦታ 24 ሰዓት አድርቀህ ለካው። አልኮል ቻርጁን ያጠፋል፣ ፋይበሩን አይነካም። የምታገኘው ቁጥር የጨርቁ ሜካኒካዊ አቅም ነው፤ ከእሱ በላይ ያለው ሁሉ የቻርጅ ነው። የእጅ ሳኒታይዘር እንዳትጠቀም፦ በዓለም ጤና ድርጅት ቀመር የተሠራው 1.45 በመቶ ግሊሰሮል አለው፤ እሱ ደግሞ ፋይበሩ ላይ ይቀርና ልኬቱን ያዛባብሃል።

ሐረጎ ቁልቁለት፦

እኔ ወደ ኮሮናው ልግባ።

የወሰዳችሁት ልክ ባሕር ወለል አካባቢ ባለ ላብራቶሪ የተጻፈ ነው ብዬ እገምታለሁ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፤ የአየሩ ግፊት 81 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው፣ የባሕር ወለሉ 0.8 መሆኑ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ስትወጡ 0.74 ይሆናል። አየር በሳሳ ቁጥር ኮሮናውም ብልጭታውም በዝቅተኛ ቮልት ይነሳል። እዚያ 25 ኪሎ ቮልት ላይ ተረጋግቶ የሚሠራ መርፌ እዚህ እሳት ይዘልለዋል። መሣሪያችሁ ጤነኛ ነው፤ የተሳሳተው ልኩ ነው።

ሁለት መንገድ አላችሁ። ርቀቱን ሳትነኩ ቮልቱን በ0.8 አባዙት፣ ማለትም ከ20 ኪሎ ቮልት አታልፉ፤ ወይም ቮልቱን ትታችሁ ርቀቱን ለ0.8 አካፍሉት፣ 4 ሳንቲ ሜትሩ 5 ይሆናል። ይህ መነሻ ነው እንጂ መድረሻ አይደለም፤ የመርፌው ጫፍ ስለት ብቻውን ብዙ ይለውጣል። ትክክለኛው አሠራር ቮልቱን ሳይሆን ከረንቱን መከተል ነው። ማይክሮ አምፔር ሜትር በሳህኑና በኧርዙ መካከል አስገቡ፤ ከ10 ኪሎ ቮልት ጀምራችሁ በ1 ኪሎ ቮልት ጨምሩ። ከረንቱ ከዜሮ ሲነሳ ኮሮናው ጀመረ ማለት ነው። እየጨመራችሁ ሄዳችሁ የመጀመሪያው ብልጭታ የታየበትን ጻፉ፣ ከእሱ 2 ኪሎ ቮልት ወርዳችሁ ሥሩ። ይህንን ዝናብ በጣለበት ቀንና በደረቅ ቀን ለየብቻ አድርጉት፤ አንዱን ለሌላው አትዋሱ።

ፖዘቲቩን ደግሞ ወደ ኔጋቲቭ ቀይሩት። በመርፌና በሳህን መካከል ፖዘቲቭ መርፌ ከኔጋቲቩ ባነሰ ቮልት ብልጭታ ያስነሳል፤ ኔጋቲቩ ሰፋ ያለ የመሥሪያ ቦታ ይሰጣችኋል። የሚያመጣው ጉዳት ኦዞን ማብዛቱ ነው። ስለዚህ አየሩ በቱቦ ወደ ውጭ ይውጣ፤ ሽታው አፍንጫ ከደረሰ ክፍሉ በደንብ አልተናፈሰም።

ከዚያ ትንንሾቹ፦ ሳህኑ ጠርዙ የተድበለበለ ይሁን። ጨርቁ ከሳህኑ ጠርዝ በየአቅጣጫው ቢያንስ 2 ሳንቲ ሜትር ይትረፍ፤ አለዚያ ብልጭታው በጎን ይዞራል። ጨርቁ ሳህኑ ላይ ተለጥፎ ይቀመጥ፣ ሥሩ አየር ካለ ቻርጁ ወጣ ገባ ይሆናል። ከኃይል ሰጪው ቀጥሎ ከ10 እስከ 50 ሜጋ ኦም ሬዚስተር በተከታታይ አስገቡ፤ ብልጭታ ቢነሳ እንኳ ጉልበቱን ይሰብረዋል። 30 ሰከንድ በአንድ ፊት፣ ገልብጦ በተቃራኒ ፖላሪቲ 30 ሰከንድ። የጨረሳችሁትን ናሙና መስኮት ላይ አንስታችሁ እዩት፤ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ብርሃን ካለ ይጣል።

ስለ ደኅንነት ሳልናገር አላልፍም። በአይሶፕሮፓኖል የተነከረ ናሙና ሽታው እስኪጠፋ ኮሮናው ካለበት ክፍል አይግባ፣ ጠርሙሱም እዚያ አይቀመጥ፤ እንፋሎቱ በአንድ ብልጭታ ይቀጣጠላል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኃይል ሰጪው በነበረበት ቮልት እንዳይነሳ ቁልፉን ወደ ዜሮ የመመለስ ልማድ ይኑር። እጅ ከመግባቱ በፊት መርፌዎቹ ኧርዝ በተደረገ ዘንግ ይነኩ፤ ኃይል ሰጪው ከጠፋ በኋላም ካፓሲተሩ ይዞ ይቆያል።

አንድ ሌላ ነገር ልኬታችሁን ያበላሻል። 32 ሊትሩን የምታነቡት ኳስ በምትንሳፈፍበት የመስታወት ፍሰት መለኪያ ከሆነና ካሊብሬሽኑ ለባሕር ወለል ከሆነ፣ በእኛ አየር ትክክለኛው ፍሰት ከሚያሳየው 12 በመቶ ገደማ ይበልጣል። 32 ሲል 36 እያለፈ ነው፤ ፍጥነቱም በሰከንድ 5.3 ሳንቲ ሜትር ሳይሆን 6.0 ነው። አየር በፈጠነ ቁጥር ቻርጁ ብናኙን ለመሳብ ጊዜ ያጣል፣ ግፊቱም ከፍ ይላል። ኳሷን 28.6 ላይ አቁሟት፤ ያኔ እውነተኛውን 32 ታገኛላችሁ። ደሴ ላይ ከሆነ 27.5።

ቦርከና ዳር፦

አላህ ይስጥልን። የአይሶፕሮፓኖሉን ማነጻጸሪያ ሠራን፦ ያልተነከረው ጨርቅ ከአልኮሉ በኋላ 37 በመቶ፣ ግፊት 30። መለኪያውም ኳስ ነው፣ ሠንጠረዡ ላይ 101.3 ኪሎ ፓስካል ይላል። ስለዚህ ሁሉንም መልሰን እንለካለን።

ቻርጁ ሙሉ በሙሉ እንደሄደ ገባን። አሁን ምን እናድርግ? ፀረ-ባክቴሪያውን መተው አንፈልግም።

ጦሳ ሥር፦

37 እና 41፣ እንግዲህ ግልጽ ነው። ከ95 ውስጥ የቻርጁ ድርሻ ከግማሽ በላይ ነበር፣ ሁሉም ሄዷል።

መፍትሔው ሁለቱን ሥራ ለሁለት ጨርቅ ማካፈል ነው። ሜልትብሎውኑን በጭራሽ አትንኩት፤ እንደተገዛ ይግባ። ፀረ-ባክቴሪያው አየሩ መጀመሪያ በሚያገኘው ስፐንቦንድ (ፋይበሩ ወፈር ያለ ሌላ ያልተሸመነ ጨርቅ) ላይ ይሁን፤ በካሬ ሜትር 30 ግራም የሆነ ይበቃል። ስፐንቦንዱ ቻርጅ አያስፈልገውም፣ ሥራው መሸፈንና አቧራ መቀበል ነው። እሱ ላይ ማርጠቢያም ኪቶሳንም ይቻላል። ትልልቁ አቧራና ከሰው አፍ የሚወጣው ትልልቁ ጠብታ የሚያርፈውም እዚያ ነው።

መጠኑን እንዲህ አስሉት፦ ከጨርቁ ክብደት 0.5 በመቶ ደረቅ ንጥረ ነገር ከፈለጋችሁና ጨርቁ 80 በመቶ ፈሳሽ ከያዘ፣ 0.5 ለ0.8 ሲካፈል 0.625 ነው፤ በኪሎ ፈሳሽ 6.25 ግራም። ማርጠቢያው በሊትር ከ0.5 ግራም አይለፍ። ከደረቀ በኋላ በዲስትልድ ውሃ ያለቀለቃችሁት እንደሆነ ደግሞ የተሻለ ነው፤ የቧንቧ ውሃ የካልሲየም ጨው ይተዋል። ከሁሉም በላይ አጥንት እስኪሆን አድርቁት። እርጥብ ስፐንቦንድ ከሜልትብሎውን ጋር ከተደረበና ከታሸገ ማርጠቢያው ወደ መሃሉ ይሻገራል፤ ፋብሪካ ውስጥ 95 የነበረው መጋዘን ውስጥ 70 የሚሆነው በዚህ ነው። ሲደረብም ሟሟ ያለው ሙጫ አይነካካው፤ ጠርዙን በአልትራሳውንድ ወይም በሙቀት ብየዳ ይያዝ።

«የግድ አንድ ጨርቅ ላይ» የምትሉ ከሆነ ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም፦ መጀመሪያ ፀረ-ባክቴሪያ፣ ከዚያ ማጠብ፣ ከዚያ ማድረቅ፣ መጨረሻ ላይ ቻርጅ። ማርጠቢያውን አውጡና በምትኩ ከ30 እስከ 50 በመቶ አይሶፕሮፓኖል ያለው ውሃ ተጠቀሙ፤ ያረጥብላችሁና ተንኖ ይሄዳል። ያለውን ቻርጅ ያጠፋል፣ ግን ኋላ አዲስ ስለምትሰጡት ግድ የለም። ኪቶሳንን ትታችሁ የዚንክ ኦክሳይድ ረቂቅ ዱቄት ከ0.3 እስከ 0.5 በመቶ ሞክሩ። የኳተርነሪ አሞኒየም ዓይነቶቹ ባክቴሪያ ላይ ብርቱ ናቸው፤ ነገር ግን ራሳቸው ጨው ስለሆኑ ቻርጅ ያፈስሳሉ። ለስፐንቦንዱ ይሁኑ፣ ለመሃሉ አይሁኑ።

ሜልትብሎውኑን ራሱ የሚያመርት መስመር ካገኛችሁ ዱቄቱ ከቅላጩ ጋር መግባት ይችላል። 20 በመቶ ዚንክ ኦክሳይድ ያለው ማስተርባች (ዱቄቱ አስቀድሞ የተደባለቀበት የፕላስቲክ ፍሬ) ከ100 ኪሎው ውስጥ 5 ኪሎ ካስገባችሁ 1 በመቶ ይሆናል። ማስተርባቹ በ80 ዲግሪ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይድረቅ። የሜልትብሎውን ቀዳዳ ከ0.25 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ የተቋጠረ ዱቄት ካለ ወንፊቱ ይደፈናል፣ የቅላጩ ግፊት ይወጣል፣ ጨርቁ ላይ «ሾት» የሚባለው የአሸዋ ቅንጣት የመሰለ ጠብታ ይረጫል። ሌላው እንቅፋቱ፣ ዱቄቱ አብዛኛው ፋይበሩ ሆድ ውስጥ ይቀበራል፤ ባክቴሪያው የሚያገኘው ላዩ ላይ ያለውን ብቻ ነው።

ባቲ ገበያ፦

የላይኛው ሽፋን ለምን ጥጥ አይሆንም? ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ናት። ስስ የጥጥ ጨርቅ ፀረ-ባክቴሪያ ያለ ምንም ማርጠቢያ ይጠጣል፤ ኪቶሳንም በደንብ ይይዝበታል። ዋጋውም ይቀላል።

ጦሳ ሥር፦

ለአፍ መሸፈኛ ቢሆን እስማማ ነበር። ለዚህ ሣጥን ግን አይሆንም። ጥጥ በተለመደ እርጥበት የክብደቱን ከ7 እስከ 8 በመቶ ውሃ ይይዛል፣ በክረምት ይብሳል። እርጥብ ጥጥ ላይ አቧራ ሲተኛ ለሻጋታ ምግብም መጠጥም ይሆናል፤ ያን ሁሉ እርጥበት ደግሞ ቻርጅ ካለው ጨርቅ ጋር አንገት ለአንገት ማስቀመጥ ነው።

ስለ እርጥበት ካነሳን አይቀር፣ ፈትል ክፍል የለመደ ሰው እዚህ ላይ እጁ ይሳሳታል። ጥጥ ስንፈትል ክፍሉን የምናረጥበው ስታቲክ እንዲሞት ነው። እዚህ የምንሸጠው ያንኑ ስታቲክ ነው። ቻርጅ የሚደረግበት ክፍል እርጥበቱ ከ50 በመቶ በታች ይሁን። በክረምት ይህ የሚገኘው በማድረቂያ ማሽን ወይም ክፍሉን በማሞቅ ነው፤ ጨርቁም ከመግባቱ በፊት በ60 ዲግሪ ግማሽ ሰዓት ይቆይ። የወጣው ወዲያው በፖሊኢታይሊን ከረጢት ይታሸግ፣ ሲሊካ ጄል ይግባበት።

የናንተ 60 በሦስት ቀን 48 የሆነው በዝናቡ ብቻ አይደለም፤ ንጹሕ ፖሊፕሮፒሊን ዝናብ ችሎ ወራት ያልፋል። ማርጠቢያው ስላለበት ነው። ይህን ለማረጋገጥ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ክዳን ባለው ዕቃ ሥር የማይሟሟ ትርፍ እስኪቀር ፖታሲየም ክሎራይድ የተጨመረበት ውሃ አስቀምጡ፤ በላዩ ያለው አየር ከ82 እስከ 84 በመቶ እርጥበት ይይዛል። ናሙናውን ውሃውን ሳይነካ አንጠልጥላችሁ በ38 ዲግሪ 25 ሰዓት አቆዩት፤ የአሜሪካ የመተንፈሻ ጭምብል ምርመራ ናሙና የሚያቆይበት 38 ዲግሪ፣ 85 በመቶና 25 ሰዓት ነው፣ ለእሱ ይቀርባል። አውጥታችሁ ለኩ። ከዚያ በኋላ ያለው ቁጥር ነው የጨርቁ ቁጥር።

ገራዶ፦

ስለ ባክቴሪያው ልጻፍ፣ ሙያዬ ነውና። እስካሁን ስለ ማጣራት ብቻ ነው የተወራው።

መጀመሪያ ሁለቱን ለዩአቸው። ፀረ-ባክቴሪያ ንጥረ ነገር የማጣራት አቅም አይጨምርም። ባክቴሪያ ማጣሪያውን ሲያልፍ የሚቆየው ከሰከንድ ሽራፊ ባነሰ ነው፤ በዚያ ጊዜ ዚንክም ብርም ምንም አያደርጉትም። የሚጠቅመው የተያዘው ባክቴሪያ ኋላ እንዳይራባ፣ ማጣሪያውን የሚቀይረው ሰው እጁን ሲያስገባ አደጋው እንዲቀንስ ነው። ስለዚህ ሁለት የተለያየ ምርመራ ያስፈልጋል።

ለማጣራቱ የኢኤን 14683 (የአውሮፓ የሕክምና ጭምብል ደረጃ) አሠራር አለ፦ ስታፊሎኮከስ ኦውረስ ኤቲሲሲ 6538 በጠብታ ተረጭቶ፣ የጠብታው አማካይ መጠን 3 ማይክሮን ሆኖ፣ በደቂቃ 28.3 ሊትር እያለፈ ባለ ስድስት ደረጃ የአንደርሰን ሰብሳቢ ላይ ይቆጠራል። 95 በመቶ ለአንደኛ ዓይነት፣ 98 ለሁለተኛ። ነገር ግን 3 ማይክሮን ትልቅ ነው፤ ቻርጁ የሞተ ጨርቅም እዚህ ላይ ጥሩ ቁጥር ሊያመጣ ይችላል። እንዳያታልላችሁ። ቻርጁን የሚፈትነው 0.3 ማይክሮን አካባቢ ያለው የጨው ብናኝ ነው። ጨዉን በሕክምና ኔቡላይዘር የምትረጩት ከሆነ ጠብታው በሲሊካ ጄል አልፎ ይድረቅ፣ የራሱ ቻርጅም ገለልተኛ ይደረግ፤ የተሞላ ብናኝ ቁጥሩን ያለ አግባብ ከፍ ያደርገዋል።

ለገዳይነቱ አይሶ 20743 (የጨርቅ ፀረ-ባክቴሪያነት መመርመሪያ ዓለም አቀፍ ደረጃ) ተጠቀሙ። 0.4 ግራም ናሙና፣ 0.2 ሚሊ ሊትር የባክቴሪያ ፈሳሽ፣ በሚሊ ሊትር ከ100,000 እስከ 300,000 ሕዋስ፤ በ37 ዲግሪ ከ18 እስከ 24 ሰዓት። ያልታከመ ያው ጨርቅ ጎን ለጎን የግድ ነው፤ ልዩነቱ በሎግ 2 (መቶ እጥፍ) እና ከዚያ በላይ ከሆነ ውጤት አለው፣ 3 እና ከዚያ በላይ ብርቱ ነው። ፖሊፕሮፒሊን ላይ ጠብታው እንደ ኳስ ቁጭ ይልና ባክቴሪያው ጨርቁን ሳይነካ ያድራል፤ «ፀረ-ባክቴሪያው አይሠራም» የሚባለው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ፈሳሹ ላይ 0.05 በመቶ ትዊን 80 (ማርጠቢያ ነው) ሲጨመር ይሰርጋል፤ ላልታከመውም እኩል ይጨመር። አጋር (ባክቴሪያ የሚያድግበት ጄል) ላይ ጨርቅ አስቀምጦ ዙሪያውን ክብ መፈለግ ደግሞ ከጨርቁ እየወጣ ለሚሰራጭ ንጥረ ነገር ብቻ ነው፤ ፋይበሩ ላይ የተጣበቀ ኪቶሳን ክብ ላያሳይ ይችላል፣ አይሠራም ማለት ግን አይደለም።

ናኖ ብር የምታስቡ ከሆነ ሰው የሚተነፍሰው አየር ውስጥ እንደሚገባ አትርሱ። ሣጥኑን ለ24 ሰዓት አሠርታችሁ ከማጣሪያው በኋላ ያለውን አየር በሌላ ንጹሕ ማጣሪያ ሰብስቡና ብር ይመርመር። ይህ ሳይደረግ ታማሚ ያለበት ክፍል መግባት የለበትም።

ቦርከና ዳር፦

እህቴ እግዜር ይስጥሽ፣ የጠብታው ነገር በደንብ ገባን። ወደ ስፐንቦንዱ ዞረናል። አሁን ሣጥኑ 50 በ50 ሳንቲ ሜትር አፍ አለው፤ ማራገቢያው በሰዓት 900 ሜትር ኩብ ይስባል። ጨርቆቹን ደርበን ጠፍጣፋ አድርገን ብንወጥረው ይበቃል?

ሐረጎ ቁልቁለት፦

አይበቃም፤ ሒሳቡ ይኸው። 900 ሜትር ኩብ በሰዓት ማለት በሰከንድ 0.25 ሜትር ኩብ ነው። አፉ 0.25 ካሬ ሜትር ስለሆነ አየሩ በሰከንድ 1 ሜትር ይመጣል። እናንተ 95 በመቶ ያላችሁት በሰከንድ 5.3 ሳንቲ ሜትር ነው። ወደ 20 እጥፍ ፈጥኗል፤ ቻርጁ አይደርስበትም፣ ግፊቱም ወደ 600 ፓስካል ይወጣል፤ ተራ ማራገቢያ ያንን አይችልም።

ስለዚህ 5 ካሬ ሜትር ጨርቅ አኮርዲዮን አድርጋችሁ እዚያ አፍ ውስጥ ማስገባት ነው። እጥፉ 5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ 50 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ካለው፣ አንዱ እጥፍ በሁለት ፊቱ 0.05 ካሬ ሜትር ይሰጣል። 100 እጥፍ 5 ካሬ ሜትር ነው፤ በ50 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላይ በየ5 ሚሊ ሜትሩ አንድ እጥፍ። 25 ግራሙ ብቻውን እጥፍ አይዝም፣ ይተኛል፤ ከኋላው በካሬ ሜትር ከ60 እስከ 90 ግራም የሆነ ጠንካራ ስፐንቦንድ ይደገፍ። እጥፎቹ እንዳይነካኩ መለያ ክር ወይም የሙቅ ሙጫ ጭረት በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ይሰመር። ይህ ሟሟ የሌለው ቀልጦ የሚቀባ ሙጫ ነው፣ ጨርቁን የሚነካውም በጠባብ መስመር ስለሆነ አያሰጋም።

ፍሬሙ ዙሪያውን አየር እንዳያሳልፍ ስፖንጅ ይደረግበት። 5 በመቶ አየር በጎን ካለፈ የ95ቱ ጨርቅ 90 ሆነ ማለት ነው፤ ከላይ የደከማችሁበት ሁሉ በጠርዙ ይሄዳል።

ገራዶ፦

ከተሠራ በኋላ ለሚይዘው ሰው ሁለት ነገር ሣጥኑ ላይ ይለጠፍ፣ በአማርኛ፣ በትልቁ። አንደኛ፣ ማጣሪያው አልኮል አይረጭበት፣ አይታጠብ፣ ኦቶክሌቭ አይግባ። ለጽዳት ብሎ አልኮል የሚረጭ ሰው ሳያውቅ ወደ 37 በመቶው ይመልሰዋል፣ ጨርቁ ደግሞ ላዩ ምንም አይለወጥም።

ሁለተኛ፣ ቡና የሚፈላበትና ዕጣን የሚጨስበት ጥግ አጠገብ አይቀመጥ። የዕጣንም የማገዶም ጭስ ረቂቅ የቅባት ጠብታ አለው፤ ፋይበሩን ይለብሰውና ቻርጁን ይሸፍነዋል። ደረቅ አቧራ የግፊቱን ልዩነት እየጨመረ «ቀይሩኝ» ይላል፤ ጭስ ግን ግፊቱ ብዙም ሳይለወጥ አቅሙን ይወስደዋል። ለዚህ ነው የግፊት መለኪያ ብቻውን የማይበቃው። ከማጣሪያው በፊትና በኋላ በብናኝ መቁጠሪያ 0.3 ማይክሮኑን በየወሩ አንብቡ፣ እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ፤ ሜካኒካዊው ቁጥር ላይ ከተቃረበ ግፊቱ ምንም ይበል ምን ይቀየር። እናንተም ላብ ውስጥ በዕጣን ጭስ የሞከራችሁት ናሙና ካለ መልሳችሁ አትለኩት፤ ያ ናሙና አልቋል።

ቦርከና ዳር፦

ወረቀቱን ዛሬውኑ እንጽፋለን። በኳሷ 28.6 ላይ መልሰን የለካነው ያልተነከረ ጨርቅ 96 በመቶ ነው፣ ግፊቱ 27። ኮሮናውም በኔጋቲቭ 18 ኪሎ ቮልት ያለ ብልጭታ ቆሟል። ስፐንቦንዱ የተደረበበትን ጨርቅ የ38 ዲግሪ ውጤት ሲወጣ እዚሁ እናስቀምጣለን።